መዶሻውና የመሪጌታው ተረከዝ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ አቶ ደምለው ለዘበኛው ሲያስተዋውቁኝ «አዲሷ ወጌሻ ናት» አሉት። እኔ በፊዚዮቴራፒ ተመርቄ፣ ነጭ ጋውኔን አስተኩሼ የመጣሁ ሰው ነኝ። «ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ብዬ አረምኳቸው። ዘበኛው ቃሉን አንዴ ሞክሮት ተወው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ የግራ ትከሻውን አሳየኝና በብርድ ጊዜ እንደሚጠዘጥዘው ነገረኝ። የመጀመሪያ በሽተኛዬን ያየሁት እዚያው በር ላይ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ነው።

ክሊኒኩ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። አቶ ደምለው እህል ነጋዴ ነበሩ። ከእህል ወደ ሕክምና እንዴት እንደተሻገሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሰጡኝ ክፍል ድሮ የጤፍ መጋዘን የነበረ ነው፤ ጥግ ጥጉ ሲጠረግ ፍሬ ይወጣ ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ የጎማ ኳስ፣ የአጽም ሥዕልና ፔዳሏ የወለቀ የቤት ውስጥ ብስክሌት ነበረኝ። ሥዕሉን ያዩ የገጠር ሴቶች ያማትባሉ። ብስክሌቷን ግን ሁሉም ይወዳታል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይቀመጥባታል።

በእኛ ቤት ማዕረግ በትምህርት አይገኝም። ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛ ጭምር። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት «ሲስተር» ናት። ስሜ ውዴ ነውና ሲስተር ውዴ ሆኜ ቀረሁ። የገጠሩ ሰው ደግሞ አቶ ደምለው ባወጡልኝ ስም ጸንቶ «የተማረችው ወጌሻ» ይለኛል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ወጌሻ ከእኔ በላይ እንደሚከበር ሳይ ማረሜን ተውኩ።

ሥራው ቀርፋፋ ነው። ወገቡን ለሚያመው ሰው እንቅስቃሴ አሳያለሁ፤ ቤቱ ሄዶ እንዲሠራው እነግረዋለሁ፤ አይሠራውም። በሳምንቱ ይመጣና እንዳልተሻለው ይነግረኛል። እንቅስቃሴውን ሠርቶ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ቀኑን ሙሉ በሬ ሲከተል ለዋለ ሰው ሌላ እንቅስቃሴ ማዘዝ ነውር እንደሆነ በትሕትና ያስረዳኛል። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ተግባብተን ኖርን።

አንድ ጊዜ አቶ ደምለው ዘመድ ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሄዱና ሾክዌቭ የሚባል ማሽን ገዝተው ተመለሱ። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሲመጡ እንዳይሰበር ብለው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት ነበር። ረዳቱ ሕፃን መስሎት «አባባ፣ አየር ያግኝ እንጂ፣ ፊቱን ግለጡለት» አላቸው። ይህን ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የነገሩኝ። ማሽኑን በእርግጥም እንደ ልጅ ነበር የወደዱት።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሾክዌቭ የምት ሕክምና ነው። ፀጉር ማድረቂያ የሚመስል እጀታ አለው። በእጀታው ውስጥ ትንሽ ብረት በአየር ግፊት ወዲያና ወዲህ እየተወረወረ ጫፉን ይመታል፤ ምቱ በቆዳ አልፎ ወደ ጅማቱ ይገባል። ኤሌክትሪክ ወደ ሰውየው አይገባም። ለወራት ያልዳነ ጅማት አካሉ ተስፋ የቆረጠበት ጉዳት ነው፤ ማሽኑ እየቆረቆረ ጥገናው እንደገና እንዲጀመር ይቀሰቅሰዋል፣ ሕመሙንም ያደነዝዛል። ለተረከዝ፣ ለክርንና ለትከሻ ጅማት ብዙ ጊዜ ይረዳል። በሳምንት አንዴ ይሰጣል፤ ውጤቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ድምፁ የልብስ ስፌት መኪና ቆርቆሮ ስትሰፋ ይመስላል። የደብረ ታቦር ሰው ድምፁን በሰማ በሳምንቱ «መዶሻው» አለው፤ ሾክዌቭ የሚለው ስም ካርቶኑ ላይ ቀረ።

ከሻጩ ዘንድ አንድ ባለሙያ መጥቶ ከሰዓት በኋላውን አሠለጠነኝ። ግማሹ ጊዜ ፎቶ በመነሳት አለቀ። እሱ እንደሄደ አቶ ደምለው ቄስ ጠሩ፤ ንብረት ሲገባ ጠበል ይረጫል። ቄሱ በጆግ ሙሉ ጠበል ይዘው ገቡ። ማሽኑ ሶኬት ላይ ነው። ጋውኔን አውልቄ ላዩ ላይ ጣልኩበት። ቄሱ ቆም ብለው ማሽኑንና እኔን ተመለከቱ። «ከጠበል የሚሸሸው እሱ ነው ወይስ አንቺ?» አሉኝ። ያን ሰሞን ማሽኑ ሰይጣን አለበት የሚሉ በሽተኞች ቀሩብን፤ ሰይጣን ቢኖርበትም ካዳነን ምን ቸገረን የሚሉ ግን በለጡ።

ቀጥሎ ባነር መጣ። የወገብ፣ የአንገት፣ የጉልበት፣ የተረከዝ ሕመም ይላል፤ እስከዚህ ደህና ነው። ከሥሩ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ እንቅልፍ ማጣትና «ልዩ ልዩ» ተጽፏል። ጨጓራ ላይ ይህ ማሽን እንደማይደረግ ለአቶ ደምለው ነገርኳቸው።

«ለስላሳ አካል የሚያክም ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አሉ። «ከጨጓራ የለሰለሰ ምን አለ?»

ባነሩ ተሰቀለ። ጨጓራ ብለው የሚመጡትን ወደ ሐኪሙ ክፍል መምራት የሥራዬ አንዱ ክፍል ሆነ። «ልዩ ልዩ» ብሎ የመጣም አለ። ሚስቱ አላናግር ያለችው ሰው ነበር።

የእኛ አገር በሽተኛ መርፌው ካላመመው፣ ኪኒኑ ካልመረረው ገንዘቡን የተበላ ይመስለዋል። ስለዚህ መዶሻውን በጣም ወደደው። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ለትከሻው ሲመጣ ሁለት ሰው አጅቦት ገባ። ዝቅ ካለው ኃይል ጀመርኩ። ይህ ለተራው ሰው እንደሆነ ገምቶ ለእሱ እንድጨምርለት አዘዘኝ። ጨመርኩ። አሁንም ጨምሪ አለኝ። ለትከሻ የሚፈቀደው ጫፍ ላይ ስንደርስ አጃቢዎቹን ውጡ አላቸው። በሩ ሲዘጋ እንባውን በክራቫቱ ጠረገ። ሲወጣ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ ምንም እንዳልተሰማው አወራ። በሳምንቱ ተመልሶ ዝቅ ካለው እንድጀምርለት በጆሮዬ ለመነኝ።

በጾም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እጀታው በቆዳ ላይ እንዲንሸራተት ጄል እንቀባለን። ከአንበሳሜ የመጡ አንዲት እናት ክርናቸውን ዘርግተው ጄሉ ሞራ እንዳለበት ጠየቁኝ። ዐቢይ ጾም ነበር። እንደማይበላ ስነግራቸው፣ ምቱ በቆዳ ይገባል ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ምት ከገባ ሞራ በምን ይቀራል ብለው ያዙኝ። ዕቃውን አገላብጬ አብዛኛው ውሃ መሆኑን ካነበብኩላቸው በኋላ ነው እጃቸውን የሰጡኝ። ሕክምናው ራሱ ከዚህ ክርክር አጠረ።

መሪጌታ ኅሩይ የመጡት በምሳ ሰዓት፣ ሰው በሌለበት ነው። ጥምጥማቸውን አውልቀው የኳስ ተጫዋች ኮፍያ አድርገዋል፤ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። በገሳይ መንገድ ያለችው ደብር የማኅሌት መሪ መሆናቸውን ዘበኛው ከሩቅ አውቆ ተነስቶ እጅ ነሳቸው። ተደብቀው የገቡት ከእኔ ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ እኔም ድምፃቸውን ስሰማ አወቅኋቸው።

አልጋው ላይ አስተኝቼ የግራ ተረከዛቸውን ከውስጥ በኩል በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ጠዋት ከመኝታ ሲወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ምስማር እንደመርገጥ ያደርግዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማን ነገረሽ?» አሉ ደንግጠው። የእግር መዳፍን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው፤ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። እሳቸው ግን የተሰጣቸው መቅሠፍት መስሏቸው ከርመዋል።

ችግራቸውን ቁጭ ብለው ነገሩኝ። አቋቋም ያስተምራሉ፤ ከበሮውን፣ ጸናጽሉን፣ በመቋሚያ የሚደረገውን ዝማሜ። ማኅሌት ላይ ቆመው ነው የሚያድሩት። ባለፈው ዓመት ንግሥ ላይ ግን ተረከዛቸው እምቢ ብሏቸው መሐል ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቻቸው ስለሌላ መምህር መጠያየቅ ጀምረዋል። የሰበካ ጉባኤው ሰዎችም ለሚመጣው ንግሥ መሪነቱን ከእሳቸው ቀጥለው ለሚቆሙት ለግራ ጌታ ይባቤ ስለመስጠት ይንሾካሾካሉ።

«ልጄ፣ የእኔ ሥራ መቆም ነው» አሉኝ። «የተቀመጥኩ ዕለት ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ዝም አሉ። ያ ዝምታ ነው የገደለኝ።»

አዘንኩላቸው፤ እልህም ያዘኝ። እስከ ንግሡ ሁለት ወር የሚሆን ጊዜ ነበረን። ማሽኑን በየሳምንቱ እንደማደርግላቸው፣ ባታቸውን የሚለጥጥ እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ እንዲሠሩ፣ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ እንዲገዙ፣ ቤት ውስጥ እንኳ በባዶ እግር እንዳይሄዱ ነገርኳቸው። እንደሌላው በሽተኛ አይደሉም፤ የተማሩትን የሚይዙ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ሲመጡ ጫማው እግራቸው ላይ ነበር፤ ጥቁር፣ ሶሉ ዳቦ የሚያህል። እንቅስቃሴውንም ተማሪዎቻቸው ፊት ይሠሩታል፤ ተማሪዎቹ አዲስ ዝማሜ መስሏቸው ተከትለው መሥራት እንደጀመሩ ነገሩኝ።

ማሽኑን ስጀምር ንቅንቅ አላሉም። ትንሽ ቆይተው ግን «ይህ ነገር ምት አያውቅም» አሉ። ምን ጎደለው ስላቸው ከበሮ እንኳ እንደሚያርፍ፣ ሲያርፍ ዜማው እንደሚገባ፣ ይህ ግን ዝም ብሎ መደብደብ እንደሆነ አስተማሩኝ። ይህን ሲሉ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «አሁን ገባው» አሉ።

ሦስት ሳምንት ሠራን። አንድ ሳምንት ቀለል ይላቸዋል፤ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። በሌላው ሳምንት እያነከሱ ይገባሉ፤ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። ግራ ገባኝ። ሸክም አለ ወይ? የለም። እርሻ? የለም። እንቅስቃሴው? ይሠራል። ጫማው?

«እንደነገርሽኝ ነው» አሉ ቅር ብሏቸው። «ከአልጋ ወርጄ መሬት ሳልረግጥ ነው የማጠልቀው። ባለቤቴ ከእሱ ጋር ተጋባህ ወይ ትለኛለች።»

አመንኳቸው፤ የማይዋሹ ሰው ናቸው። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ ያኔም አልዋሹም።

ነገሩ አቶ ደምለው ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ለካ የመሪጌታውን ተረከዝ እያዳንኩ ነው ብለው በየሠርጉ አውርተውታል። «ይህች ተረከዝ ከዳነች የደቡብ ጎንደር ካህን ሁሉ የእኛ ነው» አሉኝ። ለምን ኃይሉን እንደማልጨምረው ጠየቁኝ። ከመጠን በላይ የተመታ ጅማት እንደሚቆስል፣ ቆዳውም እንደሚበልዝ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ማሽኑ እስከ አምስት ይላል፤ አምስቱን ከፍዬበታለሁ፤ አንቺ በሁለት ተኩል የምትሠሪው የቀረውን ለማን ልታስቀምጪው ነው ባይ ናቸው።

«አልጨምርም» አልኩ።

«እንግዲያው ከባሕር ዳር እጁ የማይፈራ ባለሙያ አመጣለሁ።»

«ያምጡ። ተረከዙን ሲያቆስለው ግን ያንንም ባነሩ ላይ ያጽፉት።»

ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። ባለሙያውም አልመጣም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ክፍሌን ለሁለት የሚከፍላት መጋረጃ ናት። ግድግዳ አሠሩልኝ ብዬ ስለምን ኖሬ መጋረጃ ነው የሰቀሉልኝ። አንድ ቀን መሪጌታ ኅሩይ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተው እግራቸውን ሳዘጋጅ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው ግራ ጌታ ይባቤ ቆመዋል። እሳቸውም በምሳ ሰዓት፣ እሳቸውም ኮፍያ አድርገው። ዘበኛው በካህናቱ ኮፍያ ብዛት መደነቁን ኋላ ነግሮኛል።

ሌላ ሰው እያከምኩ እንደሆነና በኋላ እንዲመለሱ ብነግራቸውም አልሰሙኝም፤ ገብተው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተረከዛቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። ጠዋት ሲነሱ ምስማር እንደሚረግጡ፣ ማኅሌት ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደሚቆሙ። ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሽ አይሰማም። ከዚያ ግራ ጌታ ዙሪያውን አየት አደረጉና ከደብራቸው ሌላ ሰው እዚህ ይመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለበሽተኛ እንደማላወራ ነገርኳቸው።

«መሪጌታው ቢመጡ ግን መልካም ነበር» አሉ። «ሽማግሌው እያነከሱ ነው። እኔ እንኳ ጤነኛው...» ብለው ራሳቸው የሚሉትን ሲሰሙ መሐል ላይ አቋረጡት።

ለሌላ ቀን ቀጥሬ፣ ጫማውንም አዝዤ ሸኘኋቸው። መጋረጃውን ስገልጥ መሪጌታ ኅሩይ በሆዳቸው እንደተኙ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ነበር። ሊቆጡ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር።

«የትኛው እግር ነው?» አሉኝ።

«አልነግርዎትም።»

«የቀኝ ነው። ዝማሜ ላይ ሲቆጥበው አይቻለሁ፤ ትዕቢት መስሎኝ ነበር» አሉ። ወደ እኔ መምጣት ከጀመሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ።

የሚድን ሰው ሳይድን ሲቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። ማሽኑ ትክክል ነው፣ ቦታው ትክክል ነው፣ ሰውየው የታዘዘውን ያደርጋል። የቀረኝ ሲቆሙ ማየት ብቻ ነበር። የወሩ በዓል በዋለ ዕለት ነጠላዬን ለብሼ በጠዋት ባጃጅ ተሳፍሬ በገሳይ መንገድ ሄድኩ። ስደርስ ማኅሌቱ ሊያበቃ ተቃርቧል፤ ከበሮው ከውጪ ይሰማል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደማንኛውም ጊዜ ጫማ ተከምሯል። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ላወልቅ ስል መሐል ላይ አንድ ጥቁር፣ ሶሉ ዳቦ የሚያህል ጫማ አየሁ። ከእሱ ራቅ ብሎ ሌላ እሱን የመሰለ አዲስ። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ሌላ። እኔ ያዘዝኳቸው ጫማዎች ናቸው። ባለቤቶቻቸውን በተራ ተራ አውቃቸዋለሁ። ሁሉም ጫማቸውን ደጅ ትተው ገብተዋል።

ጫማዬን አውልቄ ከጎናቸው አስቀመጥኩና ገባሁ። ምንጣፉ ያለቀ ነው፤ ከሥሩ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ እስከ ጉልበቴ ወጣ። መሪጌታ ኅሩይ በባዶ እግራቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከመሐል ቆመዋል። ግራ ጌታ ይባቤ ትይዩ ቆመው ክብደታቸውን በግራ እግራቸው ላይ ጥለዋል። ከዋዜማው ጀምሮ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ነበሩ። እኔ በሳምንት አንዴ ለጥቂት ደቂቃ የምጠግነውን እነሱ በየበዓሉ ሌሊቱን ሙሉ ያፈርሱታል።

ሳቄ መጣ። አጠገቤ ያሉ ሴት በቁጣ ተመለከቱኝና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። መሪጌታው ጫማውን እንደነገርሽኝ ነው የማጠልቀው ሲሉ አልዋሹም። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ በእኛ ዘንድ እንደ መተንፈስ ነው፤ ማን ቆጥሮት ይናገረዋል? አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ፣ ባለባነሩ ከደብረ ታቦር፣ ታማሚው ከገሳይ መንገድ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ጀምሬ እዚያው ደጃፍ ላይ ሳወልቅ የኖርኩት፣ ሁላችንም ስለ ማሽኑ ስናወራ ስለ ወለሉ ያሰበ አልነበረም።

ከቅዳሴ በኋላ ቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ጠበቅኋቸው። ጫማ ማድረግ እንደማይቻል እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ አጎዛ እንዲያነጥፉና እሱ ላይ እንዲቆሙ ነገርኳቸው። ጠጉሩ ያልተሸለተ የበግ ቆዳ ለተረከዝ ከየትኛውም ሶል አያንስም።

ፊታቸው ጠቆረ። «ሁሉም መሬት ቆሞ እኔ አጎዛ ላይ? ከመቀመጥ በምን ተለየ? እጅ ሰጠ ይሉኛል» አሉ።

በሳምንቱ ለግራ ጌታ ይባቤም ይህንኑ ነገርኳቸው። መሪጌታው መሬት ቆመው እሳቸው አጎዛ ቢያነጥፉ ሰው ምን እንደሚል እንድገምት ጠየቁኝ። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ሌላውን ማን እንደሚያመው ልናገር አልችልም። ንግሡ እየቀረበ ነው። ያን ሳምንት መዶሻውን ሳስጮህ ራሴው ቀልድ የያዝኩ መሰለኝ፤ በአንድ በኩል እየደፈነ በሌላ በኩል የሚያፈስ ሰው ሆንኩ። ተናደድኩባቸው። ለሁለት የበግ ቆዳ ሁለት ሊቃውንት እግራቸውን ሊያጡ ነው።

ንግሡ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መሪጌታ ኅሩይ መዘምራኑን ሰብስበው ተናገሩ። ይህን የሰማሁት ከአንድ መዘምር ነው፤ እሱም በኋላ በሽተኛዬ ሆነ። «አባቶቻችን አጎዛ ያነጥፉ ነበር። እኛ ሥርዓት እየጣልን ነው። ለንግሡ ሁላችሁም አጎዛ ይዛችሁ ኑ» አሏቸው።

መቼም በሊቃውንት መሐል ይህን አልሰማሁም ማለት አልተማርኩም ማለት ነው። ማንም ቀድሞ አላዋቂ መሆን አልፈለገም። ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው ብቻ፣ የቆዳ ጫማ አውልቀን ገብተን ቆዳ ላይ መቆም አይከብድም ወይ ብሎ ጠየቀ። መሪጌታው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ግራ ጌታ ይባቤ ቀደሟቸው።

«ከበሮው በምን ተወጠረ? መጽሐፉ በምን ላይ ተጻፈ?» አሉ ተነስተው። «እኔም ከመምህሬ ሰምቼዋለሁ። መሪጌታ እውነታቸውን ነው።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ አለኝ መዘምሩ። ከዚያ ወዲያ የተቃወመ የለም። ጥቂት ቆይቶ አንድ አዛውንት፣ ድሮ ልጅ ሳሉ አጎዛው ሲነጠፍ በዓይናቸው እንዳዩ መሰከሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ መሥራት ጀመረ። ኃይሉን አልጨመርኩም፤ በዚያው በሁለት ተኩል ነው። መሪጌታው ለልምምድም፣ ለትምህርትም አጎዛው ላይ ይቆማሉ። በየሳምንቱ ሲመጡ ተረከዛቸውን እጫናለሁ፤ በየሳምንቱ ትንፋሻቸው እየረዘመ ሄደ።

የንግሡ ዕለት በጠዋት ደረስኩ። መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ከእግራቸው ሥር ነጭና ጥቁር አጎዛ ተነጥፏል። ከሌላ ደብር የመጡት እንግዶች ባዶ መሬት ላይ ቆመው የእኛዎቹን እግር በቅናት ያያሉ። መሪጌታ ኅሩይ ከመሐል ናቸው። ሌሊቱን አንዴም አልተቀመጡም አሉኝ። ወረቡ ሲደምቅ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው በሁለቱም ተረከዛቸው አጎዛውን አጥብቀው ረገጡ። አለቀስኩ። በፊት የተቆጡኝ ሴት ዘንድሮ ምእመን ሆንሽ በሚል ዓይን አዩኝ።

በሳምንቱ ሲመጡ ኮፍያው የለም፤ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት በር ገቡ። አባቶች ያነጥፉ ነበር ብለው ሰውን ዋሽተዋል ብዬ ተናገርኳቸው።

«አልዋሸሁም» አሉ። «ያነጥፉ ነበር። ይተኙበት ነበር። ለምን እንደሚያነጥፉት የጠየቀኝ የለም።»

አቶ ደምለው አዲስ ባነር አሠሩ። «ሊቃውንትን ያስቆመ ማሽን» ይላል። አጎዛውም ይጻፍ ብላቸው አጎዛ ቴክኖሎጂ አይደለም አሉኝ። ጨጓራውም እዚያው እንዳለ ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ ባሉ ደብሮች አጎዛ የማይነጠፍበት ማኅሌት የለም፤ ከጥንት የወረደ ሥርዓት እንደሆነም ለእኔው ያስረዱኛል። እሺ ብዬ እሰማለሁ።

አሁን በየከተማው ሾክዌቭ የሚጀምሩ ወጣት ባልደረቦቼ ስልክ እየደወሉ ለተረከዝ በስንት እንደምሠራ ይጠይቁኛል። በሁለት ተኩል ነው እላቸዋለሁ። ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት ግን በሽተኛው ጫማውን የት የት እንደሚያወልቅ ጠይቁት።